በጣና ላይ በጀልባ ለሚንሸራሸሩ ቤተ ሰቦች የነፍስ አድን ሰደርያ የሚለበስበት ጊዜ

ከባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው የጣናን ማዶ አያይም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስፍራ የተኛ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ከሀገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ማለዳ ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ይላል፤ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ያሉባቸው ደሴቶች በቅርብ ይታያሉ፤ ከነርሱም ወዲያ ቡናዋና ገዳማቷ የታወቁት ዘጌ በደን ተሸፍና ትጠቁራለች። በሞተር ጀልባ እስከ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ወደ ደቅና ወደ ዳጋ ለሚዘልቅ ግን ጉዞው ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ጥልቀቱ እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ከሁሉ በጠለቀው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህን የሰማ ሰው፥ እንግዲያስ ምን ያስፈራል? ይል ይሆናል። ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ በመታው ጊዜ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናልና ትንሹን ጀልባ ይበልጥ ያናውጠዋል። ለሚሰጥም ሰውም ከቁመቱ ያለፈው ውሃ ሦስት ሜትር ቢሆን ዐሥራ አራት ሜትር ቢሆን ልዩነት የለውም። በጣና ላይ ደግሞ ነፋሱ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ማለዳ የወጣው ቤተ ሰብ ገዳማቱን ተሳልሞ፥ ምሳውንም በልቶ የሚመለሰው በዚያው በነፋሱ ሰዓት ስለሆነ፥ ሲሄዱ ከንቱ ሸክም የመሰለው ሰደርያ ሲመለሱ ይፈለጋል።

ታዲያ መቼ ይለበስ? ብዙዎች፥ ማዕበል ሲመጣ እንለብሳለን፥ ብለው ሰደርያውን ከመቀመጫው ሥር ከስንቁና ከዕቃው ጋራ ያኖሩታል። ይህ ሐሳብ ሲሰሙት መልካም ይመስላል፤ በሥራ ግን አይሆንም። ጀልባው በሚናወጥበት ሰዓት ቆሞ መታጠቂያ መፈለግ ራሱ ሰውን ወደ ውሃ የሚጥል ነው፤ ከወደቁ በኋላ በውሃ ውስጥ መልበስም እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአሜሪካ በ2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሞቱት ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ የሞቱት ሰጥመው ነበር፤ ከሰጠሙትም ከመቶ 87ቱ ሰደርያ አልለበሱም ነበር።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሕፃናትና ዋና የማያውቁ ሁሉ እግራቸው ከመሬት ሳይነሣ ሊለብሱት፥ ተመልሰውም መሬት እስኪረግጡ ድረስ ሊያወልቁት አይገባም፤ ጀልባ ይበልጥ የሚወላገደው ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ ነውና። ዋና የሚያውቅ ጐልማሳ ግን ውሃው ጸጥ ባለበት ማለዳ፥ በትልቅ ጀልባ ተቀምጦ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ቢተወው ብዙ አንከራከረውም። ነፋስ መንፈስ ሲጀምር፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ ወይም ጉማሬ ለማየት ዐባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ሲቀርቡ ግን እርሱም ይልበስ። የአየርላንድ ሕግ ከዚህ ይጠብቃል፤ ርዝመቱ ከ7 ሜትር ባነሰ ክፍት ጀልባ የሚጓዝ ሁሉ፥ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነም በማናቸውም የመዝናኛ ጀልባ ላይ፥ ከቤት ውጭ በመርከቡ ወለል ሳለ እንዲለብስ ያዝዛል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች፥ አባቶቻችን ያለ ሰደርያ በታንኳ ሲሻገሩ ኖረው የለምን? ይላሉ። ኖረዋል፤ ነገር ግን ታንኳ ከደንገል የታሰረች ናትና ውሃ ቢገባባትም እንደ ብረት ጀልባ ወደ ታች አትወርድም፤ የወደቀ ሰው ሊይዛት ይችላል። በሞተር የሚሄደው የብረት ጀልባ ውሃ ከሞላበት የሚይዙት ነገር አይገኝም። ደግሞም የሀገራችን ልብስ፥ ጋቢውም ቀሚሱም፥ በራሰ ጊዜ ከብዶ እግርን ይጠመጥማል። ሰደርያው ከቀሚስ በላይ ይታጠቅ፤ ነጠላውና ጋቢው ከመታጠቂያው ሥር አይግቡ።

እናቶች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባለ 100 ኒውተንና ከዚያም በላይ ኃይል ያለው ሰደርያ የተሠራው የወደቀውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲመልስ ነው። እንግዲህ ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች እናት ብትወድቅ፥ እርስዋን የሚያድናት ሰደርያ ልጅዋን ከበታችዋ ከውሃው ውስጥ ያደርገዋል። ስለዚህ በጀልባ ላይ ልጅ ማዘል አይገባም፤ ሕፃኑ በክብደቱ ልክ የተሠራ፥ በጭኖቹ መካከል የሚያልፍ መታጠቂያ ያለው የራሱ ሰደርያ ኖሮት በእቅፍ ይያዝ። ለሕፃኑ የሚሆን ካልተገኘ እናትና ልጅ ከዳር ቢቆዩ እንመርጣለን፤ የዘጌ ገዳማት ለሌላ ቀን ይቆያሉ።

ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንደማይገቡ የታወቀ ነው፤ ወንዶቹ ሲሳለሙ ሴቶቹ ከጀልባው ላይ ቢቆዩ፥ ጀልባው ቆሟል ብለው ሰደርያውን ከልጆቹ ላይ ያወልቁላቸዋል። የቆመ ጀልባ ግን ከጫፉ ላይ ለሚጫወት ልጅ ከሚሄደው ያነሰ አደጋ የለበትም፤ ጠባቂዎቹም ያን ጊዜ በወሬ ተይዘዋል።

ልኩን ለማወቅ ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ያንሣ፤ ሰደርያውን ከትከሻው ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታልና በሌላ ይለወጥ። ይህም ሞተሩ ሳይነሣ፥ የጀልባው ነጂ እያየ፥ በዳር ሳሉ ይደረግ። አባወራው አስቀድሞ የታጠቀ እንደሆነ ልጆቹን ለማስታጠቅ ብዙ ቃል አያስፈልገውም።