«እናንተ አትሥሩ፤ እኛ እናመጣላችኋለን»

በበዓል ሰሞን በቤታችሁ ማን ምን ይሠራል? ሽንኩርቱን የሚከትፈው ማን ነው? ድፎ ዳቦው ሲደፋ ከጎን የሚቆመውስ? ልወቅሳችሁ አይደለም። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ህንድ፣ በአንድ ቤተሰብ ማጀት ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ጥያቄ ራሴን ስለ ጠየቅሁ ነው።

ለሦስት ሳምንት ስልጠና ወደ ኬረላ ግዛት ተልኬ ባለቤቴም አብራኝ ሄዳ ነበር። ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በዐረብ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋች ረጅምና ቀጭን ግዛት ናት። የኮኮናት ዛፍ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከመቶ ነዋሪዎቿ 18 ያህሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ወንጌልን ይዞ ወደ አገራቸው እንደ መጣ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ትውፊት ይናገራል። በፓምባ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚደረገው የማራሞን የወንጌል ጉባኤም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው።

ያረፍነው በኮታያም ከተማ፣ በአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አንባቢያን ታስታውሳላችሁ፤ በንጉሡም በደርግም ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚሁ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። እርሳቸውም ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ገና ደጃፉን ሳናልፍ በአማርኛ «ግቡ! ቡና አለ!» አሉን። ቤተሰቡ «አፓቻን» ይላቸዋል፤ ባለቤታቸውን ደግሞ «አማቺ»። አያቶች እንደ ማለት ነው። ልጆቻቸው እንደ ብዙዎቹ የኬረላ ወጣቶች በዐረብ አገር ይሠራሉ። ሰፊው ቤት ጸጥ ያለ ነበር።

የአልዓዛር ቅዳሜ

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። በዚያ አገር የቀደመውን ሥርዓት የሚጠብቁ ክርስቲያኖች ከትንሣኤ በፊት 50 ቀን ይጾማሉ፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይቀምሱም። በዚህ ቅዳሜ በየቤቱ «ኮዡካታ» የሚባል ጣፋጭ ይሠራል። ከሩዝ ዱቄት የተድቦለቦለ፣ ውስጡ ኮኮናትና ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ ቡናማ ስኳር የተሞላ፣ በእንፋሎት የበሰለ ነው። ወተትም ቅቤም አይገባበትም። ሂንዱ ጎረቤቶቻቸውም በራሳቸው በዓል ተመሳሳዩን ይሠራሉ፤ ክርስቲያኖቹ ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ለተጻፈው የቢታንያ እራት መታሰቢያ ያደርጉታል። ከሞት የተነሣው አልዓዛር በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ማርታ ያገለገለችበት እራት ነው።

እኔ የጠበቅሁት አማቺ ብቻቸውን ሲንደፋደፉ ማየት ነበር። አፓቻን ግን ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝቅ ባለች የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ከመቀመጫዋ ፊት እንደ ምላስ የወጣ፣ ጫፉ ጥርስ ያለው ብረት አለ፤ «ቺራቫ» ይሉታል። ለሁለት የተከፈለውን ኮኮናት በብረቱ ላይ እያዞሩ ሲፍቁት ነጭ ፍርፋሪው እንደ በረዶ ሳህኑ ላይ ወረደ። «ከተጋባን ጀምሮ ኮኮናቱ የእኔ ነው፤ ሊጡ የእርሷ» አሉኝ። ቦታቸውን ለቀቁልኝና እኔም ሞከርኩ። ጣቴን ግን ልፍቅ ምንም አልቀረኝም።

አማቺ የታመሰውን የሩዝ ዱቄት በፈላ ውኃ አቦኩና ባለቤቴን ከጎናቸው አስቀመጧት። ሩዝ እንደ ስንዴ የሚለጠጥና የሚያያዝ ነገር የለውም፤ የሚያያዘው በፈላው ውኃ ነው። ባለቤቴ ያድቦለቦለችው ግን ተሰነጠቀባት። አማቺ እጇን በእጃቸው ይዘው «ሙቅ ሳለ ነው ልጄ፤ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል» አሏት። ባለቤቴ ቀና ብላ «እናቴም አምባሻ ስታስተምረኝ ‹ሳይቀዘቅዝ› ትለኝ ነበር» አለችና እንባዋ ሊጡ ላይ ወረደ።

አማቴ ከዚህ ጉዞ 8 ወር ቀደም ብለው ወደ ጌታ ሄደው ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ልናዘዝላችሁ። ከቀብሩ በኋላ ስማቸውን በቤታችን አንስቼ አላውቅም። ባለቤቴ እንዳታለቅስ ብዬ ነበር። እርሷ ደግሞ እንዳልጨነቅ ብላ ዝም አለች። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ፣ ሁለታችንም ለየብቻችን እናዝን ነበር። እንባዋን እንድታፈስ ከአገሯ ርቃ የሰው ማጀት መግባት ነበረባት። አማቺ ምንም አላሉም፤ ሥራቸውን አቁመው አቅፈዋት ተቀመጡ።

ሐሙስ ማታ

የሚቀጥለው ሐሙስ የ«ፔሳሃ» ምሽት ነው። ቃሉ ከእኛው «ፋሲካ» ጋር አንድ ምንጭ አለው። በዚያ ምሽት ከሩዝና ከጥራጥሬ ያለ እርሾ የተዘጋጀ ቂጣ ይቀርባል፤ ላዩ ላይ በሆሳዕና ዘንባባ መስቀል ይደረግበታል። አብሮት በኮኮናት ወተትና በቡናማ ስኳር የተሠራ ጣፋጭ መጠጥ አለ። አባወራው ጸልዮ ቂጣውን ይቆርሳል፤ ከታላቅ እስከ ታናሽም ያድላል።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ለመርዳት እጇን ታጥባ ወደ ማጀት ገባች። አማቺ ግን እጇን ያዙና «ዛሬ አንቺ አትሠሪም» አሏት። በአገራቸው ልማድ በዓመቱ ውስጥ ሞት የገባበት ቤት ይህን ቂጣ አያዘጋጅም፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሠርቶ ያመጣለታል። አፓቻን አስከትለው፣ «በእናንተም አገር ለቅሶ ቤት ምግብ ሲወሰድ አይቻለሁ። እናንተ አትሥሩ፤ እኛ እናመጣላችኋለን» አሉን።

አመጡልንም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳህኑንና ማሰሮውን ይዘው የእንግዳ ክፍላችንን በር አንኳኩ። አፓቻን ጸለዩ፤ የአማቴንም ስም በጸሎታቸው ጠሩ። በዚያች ሌሊት እኔና ባለቤቴ ስለ እርሳቸው እስኪነጋ ድረስ ስናወራ፣ ስናለቅስ፣ ስንስቅም አደርን።

በቤታችሁ ብትሞክሩት

ኮዡካታን ለመሥራት 2 ኩባያ የሩዝ ዱቄት ሳይቀላ ለ5 ደቂቃ ያህል አምሱ። 2 ኩባያ ያህል ውኃ በትንሽ ጨው አፍልታችሁ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። ለእጅ ሲመች እሹትና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ለመሙያው 1 ኩባያ ቡናማ ስኳር በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ አቅልጡ፤ 1 ኩባያ ተኩል የተፈቀፈቀ ኮኮናት ጨምራችሁ ውኃው እስኪመጥ አማስሉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ጨምሩና አውርዱት፤ ብዙ ከቆየ ይደርቃል። ደረቅ የታሸገ ኮኮናት ከሆነ አስቀድማችሁ በሙቅ ውኃ አርሱት።

እጃችሁን ዘይት ቀብታችሁ የእንቁላል ያህል ሊጥ አድቦልቡሉ፤ በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጋችሁ መሙያውን ጨምሩና ዝጉት። ከዚያ በሚፈላ ውኃ ላይ በወንፊት አስቀምጣችሁ ክዳኑን ግጠሙና ለ15 ደቂቃ በእንፋሎት አብስሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ ለብቻችሁ አትሥሩት። ባል ኮኮናቱን ይፈቅፍቅ፣ ሚስት ሊጡን ትሽ፣ ልጆች ያድቦልቡሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይፈታል። በትዳር ጓደኛችሁ ልብ ውስጥ ስሙ ያልተነሣ ሐዘን ካለ ሊጡ ሳይቀዘቅዝ ጠይቁ። ከበሰለውም ጥቂቱን ሸፍናችሁ አኑሩ። በዚህ ዓመት ሞት የገባበት ጎረቤት አታጡምና በሩን አንኳኩ።

ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ።