ከጤና ጣቢያ እስከ ምድጃ ዳር

በሽተኛ የሚታከመው በሐኪም ቤት ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ኦፕራሲዮን የሚደረገው፣ ደም የሚመረመረው፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠገነው በዚያ ነው። ነገር ግን የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሐኪም ፊት የሚቀመጠው ምናልባት በወር አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የቀረውን ቀንና ሌሊት የሚያሳልፈው በገዛ ቤቱ በምድጃው ዳር ነው። መድኃኒቱን የሚውጠው ወይም የሚተወው፣ ጨው የሚያበዛው ወይም የሚቀንሰው በዚያ ነው። እንግዲህ የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚፈጸመው ሐኪም በማያይበት ስፍራ ነው ማለት ይቻላል።

ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። እኔ በማስተምርባት በዚህች ከተማ መንገድ አይቸግርም፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና መካከልዋን ሰንጥቆ ይሄዳል። ከዚህ ተነሥቶ ቡሬ የደረሰ ሰው ወደ ግራ ታጥፎ በነቀምቴው መንገድ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል። እናቴ የምትኖርበት መንደር ግን ከዚያ ጎዳና ወጥቶ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በክረምት፣ ጭቃው ጉልበት ሲውጥና ወንዙ ሲሞላ፣ ሦስቱ ሰዓት አምስት ይሆናል። ከዚያ የታመመ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ ነው። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎች ለመለዋወጥ ይከተላሉ፤ ሴቶች ስንቅ ይዘው ከኋላ ናቸው። እኔም በጎረምሳነቴ ትከሻዬን ያዋስኩበት ቀን ጥቂት አይደለም።

በዚያ ዘመን ከሸክሙ ይልቅ የከበደው ነገር ውሳኔው ነበር። በሽተኛው ይነሣ ወይስ ይደር የሚለውን የሚቆርጡት ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ ሲያድር የሚሻለው ሰው ተሸክመነው የወጣንበት፣ መነሣት የነበረበት ደግሞ አድሮ የተቀበረበት ጊዜ አለ። ሞባይል ስልክ ወደ መንደሩ ሲገባ በመጀመሪያ የቀየረው ይህንን ነው። አሁን ቃሬዛ ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው ኮረብታው ላይ ወጥቶ፣ መስመር የሚያገኝበትን ድንጋይ ፈልጎ፣ የጤና ባለሙያ ይጠይቃል።

ራቅ ያለ በሽተኛን በመሣሪያ መከታተል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ1905 እ.ኤ.አ. ቪለም አይንትሆቨን የተባለው የሆላንድ ሊቅ በሌይደን ከተማ ሆስፒታል የተኛን በሽተኛ የልብ እንቅስቃሴ በስልክ ሽቦ አማካይነት 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ላቦራቶሪው ሊመዘግብ ችሎ ነበር። ይህን ያደረገበት ምክንያት መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል የሚመዝን በመሆኑ ወደ በሽተኛው ሊወሰድ የማይቻል ስለ ነበረ ነው። በክንድ ላይ በሚታሰርና በአየር በሚነፋ ከረጢት የደም ግፊትን መለካት ያስለመደው ደግሞ ሪቫ ሮቺ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ሲሆን፣ ሥራውን ያሳተመው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። (ኢጣሊያኖች በአድዋ ድል የሆኑበት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ከዚያች አገር የወጣው ነገር ሁሉ ክፉ አልነበረም ማለት ነው።)

በ2014 ዓ.ም. ለእናቴ የገዛሁት የግፊት መለኪያ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመሶብ ሥር ይቀመጣል። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ቁጥሩን የምታነበው የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእኅቴ ልጅ ናት። በደብተር ትጽፈዋለች፤ በሳምንት ሁለት ቀንም ኮረብታው ላይ ወጥታ በስልክ ትነግረኛለች። የአለካኩን ሥርዓት ነርሷ አስተምራታለች፤ እናቴ 5 ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ ትቀመጣለች፤ ክንዷ በልቧ ትይዩ ይሆናል፤ ጨርቁ በጋቢ ላይ አይታሰርም፤ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። በጎጃም ገጠር ቡና ያልተጠጣበት ግማሽ ሰዓት መፈለግ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እናቴ በበኩሏ መሣሪያውን አልወደደችውም፤ «እንደ ባለዕዳ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ ያጉረመርማል» ትላለች።

በ2015 ዓ.ም. በሁዳዴ ጾም የሆነውን ላውጋችሁ። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ 170 በ100 ደረሰ። 140 በ90 የደረሰ ሰው ግፊት አለበት በሚባልበት ሕግ ይህ የሚያስፈራ ነው። ለነርሷ ብደውልላት መድኃኒቱ አልበቃ ብሎ ይሆናል፤ ሌላ ሳይጨመር አይቀርም አለችኝ። ከመጨመሩ በፊት ግን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እቤት ድረስ ሄዳ እንድታይ ተስማማን። የሄደችው ልጅ ታብሌትዋን ከማውጣትዋ አስቀድሞ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ቡና ጠጣች። ከዚያም ጠየቀች።

«እማማ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?»

«በጾም ጠዋት ውኃ አፌ ይገባል ወይ ልጄ! እስኪፈታ ትቼዋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ልኬቱንስ ለምን አልተዉትም?»

«መሣሪያውማ አያበላኝ አያጠጣኝ፤ ምን ጾም ይሽርብኛል?»

መሣሪያው ቁጥሩን በትክክል ተናግሯል፤ ልጅቱም በትክክል ጽፋለች፤ እኔም በትክክል አስተላልፌአለሁ። እንዲህም ሆኖ ሁላችንም ወደ ሁለተኛ መድኃኒት እየሄድን ነበር። እውነቱን ያወጣው እቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ጥያቄ ነው። ነርሷ ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ከማታው ራት ጋር እንዲሆን ፈቀደች፤ ከፋሲካ በፊትም ቁጥሩ ከ140 በታች ወረደ። ሠራተኛዋ በዚያው ጉብኝት ሌላም ነገር አግኝታለች። የቀረበላት ቡና እንደ አገሩ ልማድ ጨው የገባበት ነበር። ጨው ቀንሺ ተብላ ብዙ ጊዜ የተመከረችው እናቴ ከወጡ ላይ በእርግጥ ቀንሳለች፤ ስለ ቡናው ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

ይህ ነገር የአንዲት አሮጊት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተደረገውን ሙከራ ላንሣ። ያ ሕክምና በተለመደው አኳኋን 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በሽተኛው በየቀኑ ወደ ጤና ጣቢያ ተመላልሶ በባለሙያ ፊት እንዲውጥ ይደረግ ነበር። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ10 ጤና ተቋማት፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚጮህና ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ የመድኃኒት ሣጥን ለበሽተኞች ተሰጥቶ፣ የ15 ቀን መድኃኒት ይዘው ቤታቸው እንዲወስዱ ተደረገ። ምልልሱ ስለ ቀረላቸው ወጪያቸው ቀለለ፤ ኑሮአቸውም ተሻለ። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በ78 ጤና ተቋማት በተደረገው ሰፊ ጥናት ግን እንዲህ ያለው ሣጥን ሕክምናቸው የማይሳካላቸውን ሰዎች ቁጥር እንዳልቀነሰ ታየ። በእኔ ግምት ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም። ሣጥኑ መንገድ ያሳጥራል፤ ክዳኑ መከፈቱንም ያውቃል፤ ያልተከፈተው ስለ ጾም ይሁን፣ ስለ ረሀብ ወይም ስለ ኀዘን ግን አያውቅም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዋና መሣሪያው የሠራተኛዋ እግር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመድበው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የየቤተሰቡንም ታሪክ በወረቀት ማኅደር ይይዛሉ። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ያ ማኅደር በብዙ ስፍራ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። የታብሌቱ ሥርዓት መስመር በሌለበት መዝግቦ፣ መስመር ሲገኝ እንዲያስተላልፍ ሆኖ መሠራቱ አስተዋይነት ነው። ይህንንም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ አይተናል። በዚያ ጊዜ ኮረብታው ላይ ያለው ድንጋይ እንኳ ዋጋ ያጣበት ሳምንት ነበር። የእኅቴ ልጅ ግን በደብተርዋ መጻፍዋን አላቆመችም፤ መንገድ ሲከፈት ደብተሩ ራሱ በሰው እጅ ቡሬ ደረሰ።

በዚህ ረገድ ኀላፊነት ላለባቸው ሰዎች አንድ ነገር ባመለክት ድፍረት አይሁንብኝ። ስለ መሣሪያ ሲታሰብ ስለ ግዢው ብዙ ይወራል። በሽተኛው ሲደውል የምታነሣው ነርስ ግን በዚያው ሰዓት ደጅዋ ላይ ሌላ 30 ሰው ተሰልፎባት ሊሆን ይችላል። መልሳ የምትደውልበት የካርድ ሒሳብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ ስልክ ለመመለስ የዋለችበትም ጊዜ ከሥራ ይቆጠርላት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙም አልሰማሁም። ሠራተኛዋም ብትሆን ታብሌቱን ሞልታ ለመጨረስ ስትል ቡና ሳትጠጣ የምትወጣ ከሆነ፣ የእናቴ ዓይነት በሽተኛ ክኒኑ ተጨምሮላት፣ እርሱንም እንደ ፊተኛው ሳትውጠው ትቀመጥ ነበር።

አሁን መለኪያው በእናቴ ቤት ብቻ አይውልም። በዚያው ጎጥ የሚኖሩ ሦስት ግፊት ያለባቸው ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየመጡ ይለካሉ፤ በደብተሩም ለየብቻ ገጽ ተከፍቶላቸዋል። ከሦስቱ አንዱ፣ ክንዳቸው ወፍራም የሆነ አዛውንት፣ የመሣሪያው ጨርቅ ስለሚጠብባቸው ቁጥራቸው ከእውነተኛው በላይ እንደሚሆን ነርሷ ነግራናለች፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ጨርቅ ከባሕር ዳር እያስፈለግሁ ነው። የባትሪ ድንጋዩን ዋጋ ዕድሩ ሊከፍል ተስማምቷል። ቃሬዛው በሚጠገንበት ሒሳብ ላይ ነው የተጻፈው።