ሐረር ከመደብ ላይ ስትታይ

ከድሬዳዋ ሚኒባስ ተሳፍሮ የደንገጎን ዳገት የወጣ፣ የአወዳይን የጫት ግርግር አልፎ ሐረር የገባ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ጅቡ ላይ። ሲመሽ ወደ ፈላና በር ወይም ወደ ሰንጋ በር ይወሰዳል፣ ጅብ ሲያጎርስ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። ስለ ጅቡ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ያልመጣው በቴሌቪዥን አይቶታል፣ እኛ ደግሞ አብረነው አድገናል። የከተማዋን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት፣ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በግንቡ የታጠረውን ጀጎልን በዓለም ቅርስነት እንደመዘገበው ለአገሬው መንገር ጊዜ ማባከን ነው። በ48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊድና 102 አዋች (የወሊዮች ስፍራ) መኖራቸውን ግን እጠቅሳለሁ። እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ትንሽ ባዳላ አንባቢ ይታገሰኝ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወርደው የመኪና ግርግር መንገድ ላይ፣ ከሱቆቹ ደጃፍ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች በአንዱ ላይ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው የሚውሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። እግራቸው ፔዳሉን ሲያቆም አፋቸው ይቀጥላል፣ ፔዳሉ ሲቀጥልም አፋቸው አያቆምም። ጨርቅ ገዝቶ የሰጣቸው ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲነሳ ልብሱን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ታሪክም ይዞ ይሄዳል። ሙዚየሞቹን ደግሜ ልዞር መሆኔን ስነግራቸው መርፌውን አስቁመው ሳቁብኝ። «አቦ ልጄ፣ እዚህ አገር ሙዚየም የምትሉት እኮ የሰው ቤት ነው። ባለቤቶቹ ወጡ፣ ትኬት ቆራጩ ገባ፣ በቃ።»

ነገሩን ሳስበው እውነታቸውን ነው። የራምቦ ቤት የሚባለው የሕንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከኤደን በመጣ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገባ። ከዚያም እየሄደ እየተመለሰ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ፣ በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ወደ ጠረፍ ተወሰደ። ከወራት በኋላ ማርሴይ ላይ ሞተ። በዚህ ቤት ስለመኖሩ ግን ማረጋገጫ የለም፤ ሽማግሌውም «ከፈረንሳይ መጥተው እዚያ ደጅ የሚያለቅሱትን አያለሁ፣ አልነግራቸውም» ይላሉ። እኔ ግን ቤቱን እወደዋለሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ሥዕል፣ በባለቀለም መስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች ራምቦ ኖረበትም አልኖረበትም ያው ናቸው። የራስ ተፈሪ ቤትም እንዲሁ መኖሪያ ነበር፤ ዛሬ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ለዓመታት የለቀሟቸው የእጅ ጽሑፎች፣ የሐረር ሳንቲሞች፣ ሰይፎች፣ ጌጣጌጦችና የድምፅ ቅጂዎች ይታዩበታል። አንድ ሰው ኪሱንና ዕድሜውን አፍስሶ ይህን ያህል መሰብሰቡ፣ በጀት አነሰን እያሉ ዕቃቸውን በአቧራ ለሚያስበሉ ቦታዎች ጥሩ ተግሣጽ ይመስለኛል። በኤረር በር በኩል ያለው የባህል ማዕከልም ቢሆን የአደሬ ቤት ነው።

ታዲያ ሽማግሌው «ባለቤቶቹ ያልወጡበትን ላሳይህ» ብለው መኪናቸውን በጨርቅ ሸፈኑና ወደ እህታቸው ቤት ወሰዱኝ። መንገዳችን በጊዲር መጋላ ሥጋ ተራ በኩል ነበር። እዚያ ሥጋ የገዛ ሰው ፌስታሉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይሮጣል፤ ከጣሪያው ጫፍ ሆነው የሚጠብቁት ጭልፊቶች ከእጅ ላይ ይነጥቃሉና። ከዚያ መገራ ወገራ ወደሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ገባን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የተኳረፉ ሰዎች ፊት ለፊት ከተገጣጠሙ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ሰላም መባባል ግድ ይሆንባቸዋል ይባላል። ሽማግሌው እንደሚሉት የሐረር ሰው ለሽምግልና ገንዘብ የማያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጌይ ጋር፣ የአደሬ ቤት ማለት ነው፣ ከውጭ ምንም አይናገርም። ደረቅ የድንጋይ ግንብ፣ አንድ በር፣ ከውስጥ ግቢ። የዋናው ክፍል በር ሲከፈት ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰሃንና በስፌት ተሞልቷል። አንዳንዱ ለእናት ሠርግ የመጣ ነው፣ አንዳንዱ የአያት ነው፣ ስፌቶቹን ሴቶቹ ራሳቸው ሰፍተዋቸዋል። ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፣ በአደርኛ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይወስናል። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያያል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ሲሆን ሽማግሌና የከበረ እንግዳ ይቀመጥበታል። ለቤተሰቡ ገለል ያለ አለ፣ በዕድሜ ላነሰው ከበሩ ኋላ የቀረለትም አለ። አባወራው ለጉዳይ ወጥተው ነበርና ሽማግሌው አሚር ነደባን ዞር ብለውም አላዩትም፤ ክፍት መሆኑ ምንም አይለውጥም። እኔን ጊዲር ነደባ ላይ አስቀምጠው እሳቸው ከጎኔ ተደላደሉ።

ከጎን ያለችው ትንሽ ክፍል ኪርታት ትባላለች፤ በድሮው ልማድ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ከሰው ዓይን ተሰውራ የምትሰነብትባት ናት። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። ሽማግሌው ወደ ላይ አንጋጠው «ይኼኛው ሁለቴ ወርዷል» አሉ፤ እህታቸው ከወዲያ ሆነው ሳቁ። ወለሉና የመደቦቹ ፊት ቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላል የሐረር ሰው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወዲያው ግን ስለ ቀይ አፈሩ ዋጋ መወደድ ቀጠሉ።

ቁጢ መጣልን፤ የደረቀ የቡና ቅጠል ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ወተትና ጨው የገባበት። ሌላ አገር ቡናው ይጠጣል፣ ሐረር ቅጠሉም አይጣልም። እየጠጣን ስለ ባቡሩ ተጨዋወትን። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደርሶ ወደ ሐረር ሳይወጣ በመቅረቱ ንግዱ ቁልቁል ወረደ፤ አባቶቻችን ይህን ሲያማርሩ ነው የኖሩት። ሽማግሌው ግን ደስተኛ ናቸው። «ባቡሩ ዳገቱን ቢችል ኖሮ ይኼ ሰፈር ዛሬ መጋዘን ነበር።» የድሬ ልጆች ይህን ቢሰሙ ይቆጣሉ፤ እኔ ግን እስማማለሁ።

ስለዚህ ለሚመጣ ሰው የምለው ይህን ነው፤ ጀጎል ውስጥ እደር። ክፍል የሚያከራዩ ጌይ ጋሮች አሉ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ለበርጫ ጸጥ ሲል ሙዚየም ፍለጋ አትዙር፣ መደብ ላይ ተቀመጥ፤ ቤቱ የተሠራው ለዚያ ነው።

ሰሞን መርጦ መምጣት የሚፈልግ ደግሞ ሁለት በዓላትን ይጠብቅ። አንዱ አሹራ ነው። የሙሐረም 10ኛ ቀን ሲሆን ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ዓመቱ ጥጋብ ይሁን ክፉ ከአበላላቸው ይነበባል። ሌላው ሹዋሊድ ነው። ከረመዳን በኋላ የሚጾመው ስድስት ቀን ሲፈታ ሕዝቡ ከአዋቾቹ ዘንድ ይሰበሰባል፣ ከበሮው ይመታል፣ ዚክሩ ሌሊቱን ይቀልጣል፣ ወጣቶች በአዲስ ልብስ ይተያያሉ፤ ስንቱ ትዳር የተጀመረው በዚያ ሌሊት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ከቶሮንቶ ድረስ የሚመጡ አሉ። የሒጅራው አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ይቀድማል፤ ባለፈው ዓመት በመጣሁበት ቀን እመለሳለሁ ያለ ባዶ አደባባይ ይጠብቀዋል። አልጋም ቀደም ብሎ ካልተያዘ አይገኝም።

ስንለያይ ሽማግሌውን ለሹዋሊድ እመጣለሁ አልኳቸው። «ና፣ ግን ጨርቅህን ከረመዳን በፊት አምጣ። ያን ሰሞን ለእህቴ ልጅም ቀጠሮ የለኝም» ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።