ከሥሩ ተካፍሎ የተሰጠ



ከሊማሊሞ ግርጌ ባለችው ዛሪማ፣ በቆላው ሙቀት ብዙ ሳያደክሙ ከሚያድጉ የቤት ውስጥ ተክሎች አንዱ ስኔክ ፕላንት ነው። ውኃን በወፍራም ቅጠሎቹና ከአፈር በታች በተጋደመው ግንዱ ያጠራቅማል። ስለዚህ ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የውኃ ብዛት ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። እኛ ቤት አፈሩ ደርቆ ካልታየ አናጠጣውም፤ በክረምት ደግሞ ይበልጥ እናዘገያለን። የአበባው ጣሳ ከታች ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ብርድም አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይጎዳል።

ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ግን እንዴት እንደሚባዛ ነው። ቀላሉ መንገድ ቅጠል ቆርጦ፣ ቁስሉን ጥቂት ቀን አድርቆ መትከል ነው። ከወራት በኋላ ቡቃያ ይወጣል። ይሁን እንጂ እናቲቱ ቅጠሏ ዳር ዳሩን ወርቃማ ከሆነው ዓይነት ብትሆንም፣ ቡቃያው ያንን ወርቅ አይወርስም፤ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ወርቁን ለማስተላለፍ ጣሳውን ገልብጦ ሥሩን ከነቡቃያው መክፈል ያስፈልጋል። ይህ እጅ ያቆሽሻል፤ እናቲቱም ከራሷ ትሰጣለች።

ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ሊማሊሞን ወጥተው ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በዚህ አካባቢ እንደ እኛ የሚያመልኩ ጥቂቶች ናቸው፤ በሄዱበት የሚያበረታቸው ወንድም ላያገኙ ይችላሉ። ታዲያ ምን አስይዘን እንሸኛቸው? መዝሙሩን፣ የጸሎት አነጋገራችንን፣ የእሑድ ልማዳችንን? መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ ቅጠሉ ነው።

ሥሩ ማታ ማታ በቤት የሚሰጥ ነው። ቃሉን አብሮ ማንበብ፣ ጥያቄያቸውን ሳይቆጡ መስማት፣ ጌታ በመከራችን እንዴት እንዳቆመን፣ መልስ የዘገየበትንም ጸሎት ሳይደብቁ መንገር ነው።

እምነት እንደ ርስት በዘር እንደማይወርድ እናውቃለን፤ እያንዳንዱ ራሱ ወደ ክርስቶስ መምጣት አለበት። ሆኖም ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ያስታውሳል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። በዚያ ቤት የነበረው እውነተኛ ነገር ለልጁ ተርፏል።

እንግዲህ ወላጆች፣ መስከረም ጠብቶ ልጆቹ ሻንጣ ከመሸከፋቸው በፊት ያሉትን ማታዎች እንጠቀምባቸው። ከቅጠላችን ብቻ ሳይሆን ከሥራችን እናካፍላቸው። የሚያሳድገው እርሱ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!