የእንዳ ኢየሱስ ምንጭ

ከኲሓ ወደ መቀሌ ስንወርድ፣ ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ከፍ ያለ ቦታ እናገኛለን። ስሙ እንዳ ኢየሱስ ነው። ስሙን ያገኘው ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ እዚህ ይገኛል። ተማሪዎች ደብተር ይዘው የሚመላለሱበት ይህ ኮረብታ በ1888 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢጣልያ ጦር አገራችንን ሊይዝ ከሰሜን መጣ። መቀሌን ያዘና በኮረብታው ላይ ምሽግ ሠራ። ምሽግ ማለት ወታደር ተከልሎ የሚዋጋበት ጠንካራ ቅጥር ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በአምባላጌ ድል አደረገ። ከዚያም መጥቶ ይህን ምሽግ ከበበ። በምሽጉ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ወታደር ነበር። አዛዡ ማጆር ጋሊያኖ ይባላል።

ወታደሮቻችን ምሽጉን ሊሰብሩ ወጡ። ጠላት ከላይ ነው፣ እነሱ ከታች ናቸው። ከግንቡ ላይ መድፍና ጠመንጃ ይተኮስባቸዋል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል። ብዙ ሰው አለቀ። ምሽጉ ግን አልተሰበረም።

በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ አንድ ዘዴ አመጡ። ምሽጉ ውስጥ ያሉት የሚጠጡት ውኃ ከቅጥሩ ውጭ ካለ ምንጭ ነበር። እቴጌይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ አፄ ምኒልክም ተስማሙ። ወታደሮች በሌሊት ሄደው ምንጩን ያዙ።

ምንጭ መጠበቅን የገጠር ሰው ያውቀዋል። ከብት እንዳያደፈርሰው፣ ቆሻሻ እንዳይገባበት እንጠብቃለን። እነዚያ ወታደሮች ግን የጠበቁት ጥይት እየወረደባቸው ነው። ቦታው ለምሽጉ ቅርብ ነው። ሸሽተው ቢሆን ነፍሳቸው ትተርፍ ነበር፤ ጠላትም ውኃ ያገኝ ነበር። ስለዚህ አልሸሹም። እዚያው የወደቁ ወደቁ፤ የቀሩት ጸንተው ጠበቁ።

ምሽጉ ውስጥ ውኃ ጠፋ። መድፍ ያልሰበረውን ጥም ሰበረው። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። አፄ ምኒልክ እሱንና ወታደሮቹን ሳይገድሉ ከነመሣሪያቸው ሰደዷቸው። ከአንድ ወር ጥቂት በላይ ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። ጋሊያኖ እዚያ ሞተ፤ ድሉም የኢትዮጵያ ሆነ።

የጋሊያኖ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል። ምንጩ ዳር የወደቁት የአብዛኞቹ ስም ግን አልተጻፈም። ያን ጊዜ የሚዘምተው ብዙው ሰው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ገበሬ ነበር። ፊደል የቆጠረውም ጥቂት ነበር።

ዛሬ እኛ ፊደል ቆጥረናል። በየመንደራችን ዘምተው ያልተመለሱ አሉ። ስማቸውን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶችም አሉ። እንግዲህ እነሱ ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ።

ጥያቄ፦
1. ምሽጉ በመድፍ ሳይሰበር በምን ተለቀቀ?
2. ወታደሮቹ ከምንጩ ያልሸሹት ለምንድን ነው?
3. ከመንደራችሁ ዘምቶ ያልተመለሰ ሰው አለ? ስሙን ጻፉ።