በግድ ሙዚየም የገባ ተማሪ

ከጋይንት አዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ አንድ ልጅ አስቡ። መምህሩ ክፍሉን በሙሉ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደሚገኘው ሙዚየም ወስዶታል። ስም ባይጠራ ኖሮ ልጁ አይመጣም ነበር። የተደረደሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች በቁሙ አየት አድርጎ ያልፋል። «ይሄማ እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል» ይላል ለጓደኛው።

ሰነፍ ነው ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። የተናገረው እውነት ነው።

የጋይንቷ ቤተ ልሔም በአገር የምትታወቀው በድጓ ነው። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሁሉ ምስክርነቱን ፍለጋ ወደዚያ ይዘልቃል። ሕንጻዋ ግን ሌላ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ እንግሊዛዊ እዚያ ደርሶ፣ ከውጭ ሲያዩት ተራ ክብ የሣር ክዳን በሚመስለው ጣሪያ ሥር በአራት ማዕዘን የታነጸ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን መኖሩን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም ተናገረ። ካህናቱና ተማሪዎቹ ግን ዘወትር ሲያስቀድሱበት የኖሩት ቤት ነው።

የተማሪው ችግር ሥዕል አለማየቱ አይደለም፤ የሚያየውን የሚያነብለት ማጣቱ ነው። በቆየው የአሣሣል ሥርዓት በጎዎቹ ፊታቸውን ሙሉ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎቹ ከጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሩ የተደፋው ሰው ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ነው። ሰይፍ የመዘዙት መላእክት በር ላይ የሚሣሉት መቅደሱን ስለሚጠብቁ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ሥዕል አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል ጎንደር ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ወሰደ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ተሥለው የተለጠፉ ስለነበሩ ለመላጥ ይመቻሉ። በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የገለበጣቸው አዳዲስ ሥዕሎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የጎንደር ልጅ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል።

መፍትሔው ጉብኝቱን ማስቀረት አይደለም። መምህራን ሆይ፣ ተማሪውን ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ስጡት፦ አንድ ዓይን ያለው ማን ነው? ከእግር ሥር የተደፋውስ? የተሣለው በእንጨት ላይ ነው ወይስ በጨርቅ? ክረምት አገሩ ሲገባ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ደብሩ ይሂድ፤ መልሱንም ከመሪጌታው ጋር ይፈልግ።

ጣሪያ ሲያፈስ፣ ወይም አንዱ ለጋስ «በአዲስ ቀለም ላድሰው» ብሎ ሲመጣ፣ «ቆይ፣ ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» የሚል ሰው የሚገኘው እንዲህ ከተማሩት መካከል ነው።