«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ለሚሉ ወጣቶች



አማርኛችን ሐዘንንና ጭንቀትን የሚያስቀምጠው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ሆድ ውስጥ ነው። የከፋው ሰው «ሆዴ ባሰኝ» ይላል፤ ያልታወቀ ስጋት የገባው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፤ ለሌላው ያዘነ ደግሞ «አንጀቴን በላው» ይላል።

ኢማማችንን እያገዝኩ መስጂድ ስለምውል ከዒሻ ሶላት በኋላ ጠጋ የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ጉዳያቸውም ይመሳሰላል። ፈተና ሲደርስ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ይነፋቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ልባቸው ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ተመርምረው «ምንም የለብህም» ተብለዋል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ሲሕር ነው» ወይም «ኢማንህ ደክሞ ነው» ይባላሉ። አንዱ «ኡስታዝ፣ ምንም ከሌለብኝ ውሸታም ነኝ ማለት ነው?» ብሎኛል። ስለ ጉዳዩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ውሸታም አይደለህም ወንድሜ። አንጀታችን ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአንገትና በደረት በኩል ሆድ የሚደርስ ቬገስ የሚባል ነርቭም አለ። ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። አንጎል ሆድን ከሚያዘው ይልቅ የሚያዳምጠው ይበልጣል። ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገርም 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። (የአንጀቱ ሴሮቶኒን አንጎል ውስጥ አይገባም፤ «ደስታ የሚመረተው ሆድ ውስጥ ነው» የሚሉ ቪዲዮዎች ይህን ይዘሉታል።)

ከዚያ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ አሉ። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል እንደሚኖሩ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የጥራጥሬ ፋይበር ያብላላሉ፤ የሚያመርቱት ነገርም ወደ ደምና ወደ ነርቮች ይደርሳል።

ይህ ወሬ የመሰለው ካለ የጉበት ሕሙማንን ይመልከት። የአንጀት ባክቴሪያዎች አሞኒያ ያመርታሉ፤ ጤነኛ ጉበት ደሙን ከዚህ ያጠራል። ጉበት በጣም ሲደክም ግን አሞኒያው ከሌሎች መርዞች ጋር አንጎል ይደርሳል። ያኔ ሰውየው ይዘባርቃል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ ጠባዩ ይለወጣል። ቤተሰቡ «ጂን ያዘው» ቢል አይገርምም። ሕክምናው ግን ላክቱሎስ የሚባል የሚያስቀምጥ ሽሮፕና አንጀት ውስጥ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ነው። ሆድ ታክሞ አእምሮ ይመለሳል። ሱብሓነላህ!

ታዲያ ይህን የሰሙ ነጋዴዎች «ጭንቀት የሚያጠፋ ባክቴሪያ» እያሉ እንክብል ይሸጡላችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአየርላንዷ ኮርክ ከተማ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ የተባለ ባክቴሪያ ለአይጦች መግቦ ጭንቀታቸው ሲቀንስ አየ። የቬገስ ነርቫቸው የተቆረጠ አይጦች ግን ለውጥ አላሳዩም፤ መልእክቱ የሚሄደው በዚያ መስመር ነበርና። በ2017 ያንኑ ባክቴሪያ በዚያችው ከተማ 29 ጤነኛ ወንዶች ሲወስዱት ግን ጭንቀታቸው ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። ሰው አይጥ አይደለም። የተማሪ ገንዘብ ደግሞ ለሌላ ብዙ ነገር ይፈለጋል።

የሚጠቅመው ሌላ ነው። አይ.ቢ.ኤስ. የሚባለውንና መሰሎቹን የሆድ ሕመሞች የዘርፉ ሐኪሞች ከ2016 ጀምሮ «የአንጀትና የአንጎል መስተጋብር መታወክ» ብለው ይጠሯቸዋል። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል ስሙ ራሱ ይናገራል። ሕክምናም አለው፦ የአመጋገብ ማስተካከያ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ አንዳንዴም በትንሽ መጠን የሚሰጥ የድባቴ መድኃኒት። ሐኪም ይህን ቢያዝልህ «እብድ ነህ» ማለቱ አይደለም። ለጥናት ብለህ የምትቅመው ጫትም ሆድ እንደሚያደርቅና እንቅልፍ እንደሚነሳ ሳትነግረኝ ታውቀዋለህ።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዘን ለደረሰባቸው ተልቢና እንዲሠራ ታዝ ነበር፤ የእኛን የገብስ አጥሚት የመሰለ ነው። የገብስ ፋይበር ለአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ይዤ «ሳይንስ ሐዲሡን አረጋገጠው» አልልም፤ ሐዲሡ የአይጥ ጥናት አይጠብቅም። ሐዘንተኛን ስናጽናና ሆዱንም ማሰብ ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሩቅያ የሚፈልግ ይቀራለታል፤ ሐኪም ቤቱን ግን አይተው። በተለይ ሰገራህ ላይ ደም ካየህ ወይም ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳታስበው ከከሳህ፣ ትኩሳት ካለህ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህ ከሆነ «የፈተና ጭንቀት ነው» ብለህ አትቆይ፤ ነገ ጠዋት ካርድ አውጣ። ብቻህን መሄድ ከከበደህ ከሱብሒ በኋላ መስጂድ አለሁ፤ አብሬህ እሄዳለሁ።